ለለቅሶ ሦስት ቀን፣ ለማስታመም ባዶ

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እናቱ የሞተችበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል። እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ግን «ለማስታመም» ተብሎ የተጻፈለት አንድም ቀን የለም። ዓመት ፈቃድ ከተረፈው ይጠይቃል፤ አለቃው ደግ ከሆነ ይሰጠዋል፤ ካልሆነ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ይቀራል፣ ወይ ሥራውን ይለቃል። በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡትን ሦስት አዋጆች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ነገሩ የአንድ ሰሞን መዘንጋት እንዳልሆነ ይገባዋል። በወሊድ በኩል ሕጉ ሰፍቷል። በለቅሶ በኩል ባለበት ቆሟል። በመሃል ያለውን፣ ቤተሰብ ጉልበቱንም ገንዘቡንም የሚጨርስበትን የሕመም ጊዜ ግን ሦስቱም በአንድ ንዑስ አንቀጽ ነካ አድርገውት አልፈዋል።

ክፍተቱን የሚያከብደው የሆስፒታሎቻችን አሠራር ነው። በትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች አስታማሚ ማለት ጠያቂ ማለት አይደለም። ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚመላለሰው እሱ ነው። የታዘዘው መድኃኒት ግቢው ውስጥ ካለው ፋርማሲ ሲጠፋ ማዘዣውን ይዞ ከፒያሳ እስከ መርካቶ የሚያስሰውም እሱ ነው። ምርመራው ውጭ ይሠራ ከተባለ ታማሚውን ደግፎ ታክሲ ያስገባል፤ ለቀዶ ሕክምና ደም ሲጠየቅ ለጋሽ ያፈላልጋል፤ ሌሊቱን አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል። አስታማሚ የሌለው ታማሚ ሲመጣ የሚጨነቁት ነርሶቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንዲሆን የታሰበ አይመስልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 156 ያወጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ስምምነቱ ስለ ልጆች ብቻ አያወራም፤ እንክብካቤ የሚሻውን ሌላውንም የቅርብ ቤተሰብ ይጨምራል። በአንቀጽ 8 ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት ብቻውን ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። አብሮት የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 165 አንድ እርምጃ ሄዶ፣ ልጁ ወይም ሌላ የቅርብ ቤተሰቡ ለታመመበት ሠራተኛ ፈቃድ ሊኖር እንደሚገባ በግልጽ ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው ጥር 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ጦርነቱ በዚያ ሁኔታ እያለ ስለ አስታማሚ ሠራተኛ መብት ቁጭ ብሎ ያሰበ ባለሥልጣን መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በኋላ የመጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ስላደረጋቸው፣ ያ ፊርማ ዛሬም ሕይወት አለው።

የሽግግሩ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 42/1985ን ሲያወጣ ከስምምነቱ ግማሹን ወሰደ። የሥራ ውል ሊቋረጥባቸው የማይችሉትን ምክንያቶች በሚዘረዝረው አንቀጽ 26 ውስጥ ከሃይማኖት፣ ከፆታ፣ ከጋብቻ ሁኔታና ከእርግዝና ጋር «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚለውን አስገባ። የቀረውን ግማሽ፣ ፈቃዱን፣ ተወው። በአንቀጽ 81 «ለቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ የተሰጠው ልዩ ፈቃድ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለጋብቻ ሦስት የሥራ ቀን፤ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ተወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን። ከዚህ ሌላ፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን። በቃ። ይህንን አንቀጽ ሳነብ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ትዝ ይለኛል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑም ገንዘቡም ሰዉም ይመጣል፣ ታሞ ሲከርም ግን ጉዳዩ የቤተሰቡ ነው። ሦስቱ ቀንም ሠልስት ድረስ የተሰፈረ ይመስላል። መርዶው ከጎንደር ወይም ከወለጋ ገጠር የመጣበት ሠራተኛ መንገዱ ብቻ ሁለቱን ቀን ይበላበታል። ሟቹ አጎት ከሆነ ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉ የዘመድ ደረጃ በጣት መቁጠር ይጀምራል።

ሕጉ ምን እንደሚመስል በደንብ የሚታየው ፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ላይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ከስምና ከሥራ መደብ በታች ተራ በተራ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፦ የዓመት፣ የሕመም፣ የወሊድ፣ የሐዘን፣ የጋብቻ። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል ሳጥንና አጠገቡ አጭር ነጠብጣብ መስመር አለ። ልጇ በሳንባ ምች የተኛባት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ የምትጽፈው እዚያች መስመር ላይ ነው። መስመሯ ደግሞ ከሦስት ቃል በላይ አትችልም። ከሥር የቅርብ ኃላፊው አስተያየት መስጫ አለ፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «በሥራ ብዛት ምክንያት አልተፈቀደም» የሚል ነው። ከሆስፒታል የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ ወረቀት የሚያገለግለው ለታማሚው ነው። የአራት ዓመት ልጅ ምን የሚያስፈቅደው ሥራ አለው?

ስለዚህ ሰው መላ ፈጠረ። እናት በራሷ ስም ካርድ ታወጣለች፣ ራስ ምታት ነው ወይም ጨጓራ ነው ትላለች፣ የሁለት ቀን ዕረፍት ተጽፎላት የልጇ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ያውቃል፤ አለቃዋም ይጠረጥራል። ሕጉ ለሠራተኛው ለራሱ ሕመም ለጋስ ስለሆነ ነው ይህ የሆነው፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የራስን ሕመም በስድስት ወር የሚሸፍን ሕግ ለልጅ ሕመም ዜሮ ሲሰጥ፣ ሐቀኛውን ሠራተኛ ወደ ውሸት እየገፋው ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ ሆኖ ከተያዘ ደግሞ የሚባረረው በእሱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይህንን ክፍል አልነካውም፤ እንዳለ ደገመው። በመካከሉ ግን ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቀለብ ሲል ምግብና መጠለያ ብቻ አይደለም፤ የጤና እንክብካቤንም ይጨምራል። የአሮጊት እናትህን ጤና ጠብቅ የሚለው መንግሥት፣ በሌላው አዋጁ እሷን ሐኪም ቤት ለማድረስ አንድ ጠዋት አላስቀመጠም። ሁለቱን አዋጆች ያረቀቁት ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተው ያውቁ ይሆን?

ለውጥ መታየት የጀመረው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኩል ነው። አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሚስቱ የወለደችለት የመንግሥት ሠራተኛ አምስት የሥራ ቀን እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ይህን ወደ አሥር የሥራ ቀን አሳደገው፤ የእናቲቱን ከዘጠና ወደ መቶ ሃያ ቀን አደረሰው፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ዛሬ በአንዳንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ምድር ቤት የሚሰማው የሕፃናት ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በቂ ምክንያት ሲኖረው ያለ ደመወዝ ረዘም ያለ ልዩ ፈቃድ መጠየቅም ይችላል፤ የሚወስነው ግን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ይጎዳል ካለ አይሰጥም።

ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግሉ ዘርፍ ላሉትም የወሊድ ፈቃዱን መቶ ሃያ ቀን አደረገ፤ ከወሊድ በፊት ሠላሳ፣ ከወሊድ በኋላ ዘጠና። አባቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ተከታታይ ቀን አገኙ። ጋዜጦቹ የጻፉት ይህንን ነው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ጥቂት ሰው ያስተዋለው የአዋጁን ሌላ ገጽ ነው። በ377 ጊዜ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት በመቅረት የሚሰናበተው አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን፣ ወይም በአንድ ወር አሥር ቀን፣ ወይም በዓመት ሠላሳ ቀን ሲቀር ነበር። በ1156 ሒሳቡ ጠበበ፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከቀረ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድም እንዲሁ። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ወላጅ ያለው ሰው ይህን ቁጥር በደንብ ያውቀዋል። የዳያሊሲስ ተራ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው፤ ስምንት ማርፈድ አንድ ወር እንኳ ላያደርስ ይችላል።

ዓመት ፈቃዱም እንደሚወራው አልጨመረም። ድሮ ለመጀመሪያው ዓመት አሥራ አራት የሥራ ቀን ሆኖ በየዓመቱ አንድ ይጨመር ነበር። አሁን መነሻው አሥራ ስድስት ነው፤ ጭማሪው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በአሮጌው ስሌት 23 ቀን ይደርሰው ነበር፤ በአዲሱ 20 ነው። ሕጉ ለጀማሪው ሰጥቶ ከነባሩ ወሰደ። ሽማግሌ ወላጅ ያለው ደግሞ ነባሩ ነው፤ የሚያስታምምባት ብቸኛ ቋት ያችው ዓመት ፈቃዱ ናት። እሷም ብትሆን በአሠሪው ፕሮግራም የምትወጣ፣ ሥራ ካስገደደ እስከ ሁለት ዓመት የምትተላለፍ ናት። ሕመም ፕሮግራም አያውቅም።

ያለ ክፍያ የምትሰጠዋ አምስት ቀን በ2011ም አለች፤ አሁን ግን በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አትወሰድም ተብላ ታጥራለች። ስለዚህች አንቀጽ ሠራተኛም አሠሪም የተሳሳተ አመለካከት ይዘዋል። የፈቃድ ልመና አድርገው ነው የሚያዩአት። አዋጁ የሚለው ግን ሠራተኛው መብት አለው ነው። የልጅ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ልዩና ከባድ ሁኔታ ካልሆነ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማንም ዳኛ ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። ከሠራተኛው የሚጠበቀው አስቀድሞ ማሳወቅና ሲጠየቅ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ክፍተት በአንድ ጊዜ በየቤቱ ገባ። ቆይቶ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ በዘፈቀደ እንዳያሰናብቱ ከለከለ፤ ልጅ ማን ይጠብቅ ለሚለው ግን መልስ አልነበረውም። መልሱ የነበረው እንደ ወትሮው አያት ዘንድ ወይም የቤት ሠራተኛ ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤት ሠራተኛዋ ካልተነሳ ዳሰሳው ሐቀኛ አይሆንም። የከተማው ደመወዝተኛ ያለ ፈቃድ መኖር የቻለው እሷ ስላለች ነው፤ ልጁ ሲያተኩሰው የምታድረው፣ ለአያት ሾርባ ይዛ ሆስፒታል የምትመላለሰው እሷ ናት። ሦስቱም አዋጆች ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከሽፋናቸው አውጥተዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብለው። ደንቡ ሦስት አሥርት ዓመታት ተጠብቆ ሳይወጣ ቆየ። የእሷን ውል የሚገዙት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። አባቷ ታሞ ወደ አገር ቤት ልሂድ ስትል፣ ለመመለሷ ምንም ዋስትና የላትም። ሳዑዲ ሄዳ ብትሠራም ያው ነው፤ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዚያ አገር የሥራ ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

የሌሎቹን አገሮች መንገድ ለማየት 1993 እ.ኤ.አ. ጥሩ ዓመት ነው፤ የእኛ 42/1985 የወጣበት ዓመት ነውና። በዚያው ዓመት አሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕጓን አወጣች። ያለ ክፍያ ነው፤ ቢሆንም በዓመት አሥራ ሁለት ሳምንት ይደርሳል፤ ሲመለሱም ሥራው ይጠብቃል። ቀዳዳው ብዙ ነው። አሠሪው ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖረው፣ ሠራተኛው ዓመት ሞልቶት በዚያው ዓመት 1,250 ሰዓት ሠርቶ ሊሆን ይገባል፤ ለታመመ ወንድም ወይም አክስት አይሠራም። በሁለት የትርፍ ጊዜ ሥራዎች ኑሮውን ለሚገፋ የዋሽንግተን አካባቢ ወገናችን የሰዓቱ ቁጥር ራሱ ፈተና ነው። አንድ ብዙዎች የማያውቁት ነገር ግን አለ፦ ታማሚዋ እናት አዲስ አበባ ብትሆንም ሕጉ ይሠራል። አሠሪው የኢትዮጵያውን ሐኪም ማስረጃ መቀበል አለበት፤ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ሠራተኛው አስተርጉሞ ያቀርባል። የከተማዋ የዲሲ ሕግ ከፌዴራሉ ሰፋ ይላል፤ 20 ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይይዛል፣ የሥጋ ዘመድንም ይቆጥራል፤ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከአሠሪዎች በሚሰበሰብ ግብር የሚከፈልበት ፈቃድ አለ። የፌዴራሉን ፈቃድ አሠሪ ሲከለክል አቤቱታው ለአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና ሰዓት ክፍል ይቀርባል፤ ፍርድ ቤት ለመሄድም በአብዛኛው ሁለት ዓመት ጊዜ አለ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የእስራኤል መንገድ ይመስለኛል። እሷም በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ሕጎች ሠራተኛው ካጠራቀመው ከራሱ የሕመም ፈቃድ ላይ ለልጁ እስከ ስምንት፣ ለወላጁ እስከ ስድስት ቀን በዓመት እንዲጠቀም ፈቀደች። አዲስ ፈቃድ አልተፈጠረም፤ ያለው ነው የተከፈተው። እኛም ያ ስድስት ወር አለን። ከእሱ ስምንት ቀን ለልጅ ቢፈቀድ፣ ዛሬ በራስ ምታት ስም የሚወሰደው ቀን በስሙ ይጠራል እንጂ አሠሪው የሚያወጣው ተጨማሪ ብዙ ገንዘብ አይኖርም። አሠሪዎች ሥራ ይቆማል የሚሉት ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ በመስመር በሚሠራ ልብስ ስፌት አንዷ ስትቀር ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይከማቻል። ግን መቅረቷ ላይቀር፣ ተናግራ ብትቀር ለአለቃውም ይሻላል። የኅብረት ስምምነት የሚደራደሩ የሠራተኛ ማኅበራት አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ የለባቸውም፤ ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ እስከሰጠ ድረስ የሚከለክለው የለም። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ የሚታደሰው ሰነድ ላይ የደመወዝ ጭማሪና የቦነስ አንቀጽ ሲያከራክር፣ የአስታማሚነት ፈቃድ ከአጀንዳው የሚጠፋው ደራሽ ስለሌለው ነው።

ፈቃዱ ዛሬ ለተከለከለ ሰው ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ጥያቄው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይጠቀስ፤ ሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ሌላው ቀንና ቁጥር ተመትቶበት እጅ ላይ ይቅር። የታማሚው የመኝታ ማስረጃ ይያያዝ። ይህ ወረቀት በኋላ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም በ1156 አንቀጽ 27 ለስንብት የሚቆጠረው መቅረት በአዋጁ ከተሰጡት ፈቃዶች በአንዱ ሊሸፈን የማይችለው ብቻ ነው። በአግባቡ ተጠይቃ የተከለከለች አምስት ቀን «ያለ ፈቃድ መቅረት» ናት ብሎ መከራከር ለአሠሪው ቀላል አይሆንለትም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም ሊጠራ ይችላል፤ ማኅበር ካለ ማኅበሩ ይግባበት።

ስንብቱ ከመጣ ደግሞ ክርክሩ ሁለት ዓይነት ነው። በቂ ምክንያት የለም ተብሎ ከተወሰነ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለስ፣ ወይም የ180 ቀን ደመወዙ ካሣ እንዲከፈለው ሊያዝ ይችላል። ምክንያቱ የቤተሰብ ኃላፊነቱ እንደሆነ ካስረዳ ግን ነገሩ ይጠነክራል፤ አንቀጽ 26 ስለከለከለው አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት፣ ካሣ ይሻለኛል ማለት የሠራተኛው ምርጫ ነው። አሠሪ በስንብት ደብዳቤ ላይ «እናቱን በማስታመሙ» ብሎ አይጽፍም፤ «በተደጋጋሚ በመቅረቱ» ነው የሚለው። ስለዚህም ነው ያች ማኅተም ያረፈባት ቅጂ ከምስክር የምትበልጠው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው ክስ ግን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የስንብት ደብዳቤው ሆስፒታል እያለ የደረሰው አስታማሚ፣ ታማሚው እስኪድን ልጠብቅ ካለ፣ ጊዜው የሚቆጠረው እሱ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ነው።